ፒክአፕ ከፍ ማስደረግና ጎማ ማሳደግ፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ መንገድ የቱ ይሻላል?

ከሰበታ አልፎ በተፍኪ በኩል ወደ በቾ ሜዳ በነሐሴ የነዳ ሰው ዋልካን አይረሳም። ጥቁሩ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ይቆያል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና የነካውን ሁሉ እንደ ሊጥ ይይዛል። እኔ ደብል ጋቢና ሃይሉክሴን ይዤ ከአስፋልቱ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልርቅ የቆምኩት እዚያ ነው። ሞተሩ አልደከመም። ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ፤ ያውም 285/70 አር 17 የሚባሉት ሰፋፊዎቹ (285 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው)። መኪናውም በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጓል። ሆኖም የፊት ግራ ጎማ መዞር አቆመ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጤፍ ማሳቸው ዳር ወደ እኔ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዱላቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም። ጭቃው ከሣርና ከገለባ ጋር ተቦክቶ ክፍተቱን ሞልቶታል። «ልጄ፣ ጎማህ የሚዞርበት ቦታ የለውም እኮ» አሉኝ። በዶማና በዱላ እየፈነቀልን አንድ ሰዓት ተኩል ሠራን፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በራሱ ጉልበት ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ከፍ ስለማስደረግ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ሴንቲ ሜትር ትፈልጋለህ?» ብዬ አይደለም። ምን ትጭናለህ? በሳምንት ስንቱን ቀን አስፋልት ላይ ነህ? ጎማህስ ዙሪያውን ምን ያህል ክፍተት አለው? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረውም በእነዚህ ነው።

ከፍታ የሚገኘው ከየት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሞላና ባሌስትራ (ከኋላ ያለውን ድርብርብ የብረት ሞላ) ቀይረህ መኪናውን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስታደርግ የሚነሣው ሻንሲው፣ ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ ነው። የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) ግን ከአክስሉ ጋር አንድ ሆኖ በጎማዎቹ መካከል የተቀመጠ ነው፤ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ላንድ ክሩዘር 79 ፒክአፕ ላይ ከፊትም ከኋላም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም አክስሎች ወጥ ናቸውና። ድንጋይ የሚመታውን ያን የብረት ሆድ የሚያነሣው ጎማ ብቻ ነው።

ጎማም ቢሆን የሚሰጠው ግማሹን ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ከፋብሪካ የሚወጡበት 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 265/70 አር 17 ደግሞ 803 ይደርሳል። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ ዲፈረንሻሉ የሚነሣው በግማሹ፣ በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 285/70 አር 17 ቁመቱ 831 ስለሆነ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ያስገኛል። ይህን ቁጥር በጣትህ ለካው፤ ከአውራ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ለእሱ ሲባል የሚከፈለውን ደግሞ ወደ ታች እናየዋለን።

ታዲያ መኪናን ከፍ ማስደረግ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አለው። ከፊት ያለው ፓራውልት ወደ ጉድጓድ ሲወርድ እንዳይመታ፣ ሆዱ ጉብታ ላይ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጎማው መዞሪያ ቦታ ይሰጣል። እኔ የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው። ዋልካ ላይ የምትሠራ ከሆነ የተገኘውን ክፍተት በትልቅ ጎማ መልሰህ አትሙላው፤ ክፍተቱ ራሱ ነው የሚያሻግርህ።

ጎማው፦ ስፋት፣ ቁመትና ጥርስ

በ265/70 እና በ285/70 መካከል ካሉት እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ብዙ ነው። 265/70 አብዛኛውን ጊዜ ከሃይሉክሱ ቸርኬ ጋር ሳይቸገር ይሄዳል። መሪውን እስከ ጥግ ስታዞር የሚነካ ቢኖር እንኳ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ ትንሽ በማስተካከል ያልቃል። 285/70 ግን ከፊት ለፊቱ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም ከጋቢናው ሥር ካለው የብረት ስፌት ጋር ይፋተጋል፤ ለማስገባት መቁረጥና መቀጥቀጥ ይጠይቃል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ኪሎ የሚያርፈው ከሞላው በታች ስለሆነ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታውና የመሪው መጋጠሚያዎች በየቀኑ ይሸከሙታል።

የፍጥነት መለኪያውም ይለወጣል። በ265/70 መርፌው 100 ሲያሳይ በስሌት የምትሄደው በ103 አካባቢ ነው፤ በ285/70 ግን 107 ይደርሳል። ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው፤ የፍሬን ርቀቱም አብሮ ይረዝማል።

ሌላው ነገር ስኮርት (መጠባበቂያ) ጎማ ነው። አራት ትልልቅ ጎማ ገዝቶ አምስተኛውን ትንሹን ከሳጥኑ ሥር የሚተው ሰው አለ። የተለያየ ቁመት ያላቸውን ጎማዎች አስገብቶ ባለአራት ጎማ ማሽከርከሪያውን ማብራት ዲፈረንሻልና ማከፋፈያ ይፈጃል። አምስቱንም እኩል ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊትም ትልቁ ጎማ ከሳጥኑ ሥር ባለው ቦታ ይገባ እንደሆነ አስለካ። 285 ብዙ ጊዜ እዚያ አይመችም።

ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ የያዘ ሰው የተለየ ዕድል አለው። 7.50 አር 16 የሚባለው ጠባብና ረጅም ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ስፋቱ አነስተኛ ነው። ከጭቃው ሥር ጠጠር ወይም ጠንካራ ወለል ባለበት መንገድ ጭቃውን ሰንጥቆ ወደ ታች ይደርሳል፤ ዙሪያውም ክፍት ስለሆነ ዋልካ አይሞላውም። በየገጠር ከተማው ያለ ጎሚስታም አውልቆ ለጥፎ ይመልሰዋል። በዚህ ጎማ ላይ ሰፊ ጎማ የተካ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ለመልክ ካልሆነ በስተቀር ለዚህ አካባቢ ያተረፈ አላየሁም። በተቃራኒው ወለል የሌለው ጥልቅ ዋልካ ላይ ጠባቡ ጎማ ይሰምጣል፣ ሰፊው ጥቂት ይንሳፈፋል። እውነቱን ለመናገር ግን ክረምት መሐል የጠገበ የበቾን ማሳ የሚያሻግር ጎማ የለም። የአካባቢው ሰው ራሱ ፀሐይ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ።

ጥርሱን በተመለከተ ሦስት ዓይነት አለ። ኤች ቲ ለአስፋልት፣ ኤ ቲ ለሁለቱም፣ ኤም ቲ ለጭቃ የተሠራ ነው። የሱሉልታን ወተት በየማለዳው ወደ ከተማ ለሚያመላልስ ሰው ኤም ቲ አይመከርም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ስለሆነ በዝናብ ቀን ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ ያስፈራል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ነገር ግን ዋልካ ላይ ኤ ቲ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ በጥቂት ዙር ይሞላና እንደ መላጣ ጎማ ይንሸራተታል። ኤም ቲ ጎማው በፍጥነት ሲዞር ጭቃውን ይወረውራል። ስለዚህ ከአምስት ቀን አራቱን አስፋልትና ፒስታ ላይ የምትውል ከሆነ ኤ ቲ ግዛ፤ ቋሚ ሥራህ ማሳ ውስጥ ከሆነ ብቻ ኤም ቲን አስብ።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ሱቅ «አዲስ ነው» የተባለ ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ሊሆን ይችላል። አራት አኃዝ ያለው የምርት ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል፤ 2323 ከሆነ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ የጭነት አቅሙ ነው፦ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ። ኩንታል የሚጭን ሰው ከፋብሪካው ቁጥር በታች የሆነ ጎማ ቢረክስም መግዛት የለበትም።

ከሁሉ የሚረክሰውን ለውጥ ደግሞ ብዙዎች ይዘሉታል፤ አየር ማስተንፈስ። አስፋልት ላይ በ32 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የምትነዳውን ጎማ ባዶ መኪና ይዘህ ጭቃ ስትገባ ወደ 20 ብታወርደው መሬቱን የሚነካው ክፍል ይረዝማል፣ መኪናውም የሚሰምጠው ያንሳል። ከ15 በታች ግን አትውረድ፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ፍጥነትህንም ቀንስ፤ ወደ አስፋልት ስትመለስ ደግሞ መልሰህ ንፋ። ትንሽ የአየር መንፊያ ከመኪና ባትሪ ጋር የሚሠራ ከያዝክ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ በቾ ላይ በቆምኩ ጊዜ መንፊያ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ማስተንፈስም ፈራሁ።

ከፍ የማስደረጊያ መንገዶች

የቆዩ ሃይሉክሶችና አንዳንድ የሚትሱቢሺ ኤል 200ዎች ከፊት ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ) አላቸው። እነዚህን በቁልፍ በማጥበቅ ብቻ ከፊት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዕቃ አይገዛም፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጥቂት ማጥበቅ የደከመን ባር ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበትን ርቀት ይበላል፤ መኪናው ይደርቃል፣ በየጉድጓዱ ላይ «ጓ» እያለ ይመታል፤ የሰሚያሱም (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ይሰፋል።

ሁለተኛው መንገድ ከፊት ሞላው ላይ ወፍራም ብረት ወይም ፕላስቲክ ማስገባት፣ ከኋላ ደግሞ የባሌስትራውን ማያያዣ በረጅም መቀየር ነው። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ይህን ነበር፤ ርካሽ ነውና። መኪናው ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ግን ያው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የጭነት አቅሙ በአንዲት ኪሎ አይጨምርም። አሥር ኩንታል ስጭን የኋላው እንደ ቀድሞው ተቀመጠ። ረጅሙ የባሌስትራ ማያያዣ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የኋላውን ያወዛውዛል። ብረቱ በጋራዥ የተበየደ ከሆነ ጨርሶ አትቀበል። የመኪና ሱስፔንሽን (ሞላው፣ ባሌስትራውና ማያያዣዎቻቸው) በየቀኑ በሺህ ጊዜ የሚመታ ነገር ነው፤ የተበየደ ማያያዣ ሲሰበር የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ላያሰማ ይችላል።

ለጭነት ብቻ የሚያስብ ሰው ከኋላ ባሌስትራ ያስጨምራል። የተለመደና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ሁልጊዜ ተጭኖ ለሚሄድ መኪና እመክረዋለሁ። ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ግን ፒስታ ላይ የኋላው ይነጥራል፤ ጎማው ከመሬት በተላቀቀ ቁጥር መኪናው ወደ ጎን ይሸሻል። ፒስታ ላይ ባዶ ፒክአፕ ይዞ የነዳ ያውቀዋል።

አራተኛው ሙሉ ስብስቡ ነው፦ አራቱም ሾክ አብዞርበር፣ የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ ቡሾቹና ማያያዣ ብሎኖቹ። ኦልድ ማን ኢሙን የመሳሰሉ የአውስትራሊያ ምርቶች በዚህ ይታወቃሉ፤ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋሉ። ዋጋው ከቀደሙት ሁሉ እጥፍ ድርብ ነው። እኔ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው የምለው ከፍታውን አይቼ አይደለም። ሞላዎቹና ባሌስትራዎቹ በጭነት መጠን ተለይተው ይሠራሉ፤ አንተ ሁልጊዜ የምትሸከመውን ክብደት ነግረህ የሚስማማውን ትመርጣለህ። እዚህ ላይ ሰው ራሱን ያታልላል፤ በዓመት ሁለቴ ለሚጭነው አሥራ ሁለት ኩንታል ሲል ከባዱን ይገዛና ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ሲንገጫገጭ ይኖራል። የዘወትሩን ጭነት አስብ። ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ረጅም የፒስታ ጉዞ ላይ ሲግል ቶሎ አይደክምም፤ ልዩነቱ በሁለተኛው ሰዓት ላይ መሪው ውስጥ ይታወቃል።

ከዚያ በላይ፣ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ የሚልቅ ከፍታ፣ ለአዲስ አበባ ዙሪያ አልመክርም። ሃይሉክስ ከፊት እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት፣ የላይና የታች ክንድ ያለው ሱስፔንሽን ስላለው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲነሣ የሰሚያሱ መጋጠሚያ ከሚችለው በላይ ይታጠፋል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ጭቃ ይገባል፣ መጋጠሚያው ይበላል። ያንን ለማዳን የላይኛውን ክንድ መቀየርና ዲፈረንሻሉን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ታዲያ ያነሣኸውን መልሰህ ማውረድ ሆነ። ወጥ አክስል ያለው ላንድ ክሩዘር የተሻለ ይታገሣል፤ እሱም ቢሆን የፊት አክስሉ ዘንበል ስለሚል ማስተካከያ ቡሽ ካልተደረገለት መሪው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። የክብደት ማዕከሉም ከፍ ስለሚል በድንገት ሲያጠማዝዙት ለመገልበጥ ይቀርባል።

ጋቢናውን ብቻ ከሻንሲው የሚያነሣ መንገድም አለ። ለጎማ ቦታ ይሰጣል፤ ሌላ ምንም አይሰጥም።

ከፍታ ላይ ያለ ሞተር

በሌላ አገር የተጻፈ ምክር ይህን አይነግርህም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ይበልጣል። የአየር ግፊቱ ከተማው ላይ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ የሃይሉክሱ 5ኤልም ሆነ የላንድ ክሩዘሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። በዚያ ላይ ረጅም ጎማ ስታስገባ ማርሹን ሁሉ በዚያው መጠን ታረዝመዋለህ፦ በ285/70 ሰባት በመቶ። ወደ ወጨጫ ወይም ወደ የረር ተራራ የሚያወጣው ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና አንደኛ ይጠይቃል፤ ፍሪሲዮኑም ይሸታል። ቱርቦ ያለው አዲሱ ሃይሉክስ ይህን ይቋቋማል፤ የቀድሞው ሞተር ያለው ሰው ግን ከ265/70 ባያልፍ እመርጣለሁ፤ ከነጭራሹ የፋብሪካውን መጠን በጥሩ ኤ ቲ ቢቀይር ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ለማን ምን?

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ኖሮ በየቀኑ ከተማ የሚገባ፣ ቅዳሜ ሱባ ደን ወይም መናገሻ የሚወጣ ሰው ከፍታውን ይተወው። 265/70 ኤ ቲ፣ አምስት ጎማ፣ አንድ የአየር መንፊያ። የቀረውን ገንዘብ ለሾክ አብዞርበር ያውለው።

መኖ፣ ወተት ወይም የግንባታ ዕቃ ከሆለታና ከጫንጮ ገጠር የሚያመላልስ ሰው ሙሉ ስብስቡን በዘወትር ጭነቱ ልክ ይግዛ፤ ጎማውን ግን ከፋብሪካው መጠን ብዙም አያርቅ። በቾና ተጂ አካባቢ ክረምት ከበጋ የሚሠራ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ያስነሣ፣ ጠባብ ጎማ ይያዝ፤ ዶማና ረጅም ገመድ ከሳጥኑ አይለየው። እኔ አሁን የምነዳው በዚህ ዓይነት ነው፦ ሙሉ ስብስብ፣ 265/70። ባለፈው ክረምት በዚያው መንገድ ሄጄ ጭቃው ጎማውን ከበበው፣ ነገር ግን ከፓራፋንጎው ጋር ሳይገናኝ እየተቆረሰ ወደቀ።

ጋራዥ ውስጥ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከየጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፍ። የተባለው ከፍታ መገኘቱን የምታውቀው በዚያ ነው። ሲጨርሱ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አስዙር፤ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አስነሥተህ የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ተወጥሮ እንደሆነ በእጅህ ዳስስ። የተወጠረ ቱቦ ያለው መኪና ከጋራዥ አይወጣም። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዕዘን ማስተካከል)፤ ይህ ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በጥቂት ወራት በአንድ ወገን ይላጫል። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያይ ዝቅ አስደርገው፤ ሌሊት ከፊትህ የሚመጣው ሰው ዓይኑ ይታወራል። የመድን ድርጅትህን ለውጡን በጽሑፍ አሳውቀው፤ የዓመት ምርመራ ከመድረሱ በፊትም ምን እንደሚፈቀድ ጠይቅ።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰህ ብሎኖቹን ሁሉ አስጠብቅ፤ በተለይ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲቀመጥ ይላላል፤ እኔ ስመለስ ከስምንቱ ዳዶዎች ሦስቱ በእጅ የሚዞሩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።